ኮሌጁን ያወቀው ማን ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ አሜሪካ ሥራ ላይ ሆነው፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ማታ ማታ ወይም በኢንተርኔት ለመማር ለሚያስቡ ወገኖቻችን ነው። ከሆቴል፣ ከፓርኪንግ፣ ከታክሲ ወይም ከነርሲንግ ሆም ሥራ ተመልሶ ደብተር የሚከፍት ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ የሚለየው በዕድሜ ብቻ አይደለም። የሚያጠናበት ሰዓት ከእንቅልፉ የተቆረሰ ነው። የሚከፍለው ገንዘብም ከቤት ኪራይና አገር ቤት ላሉት ከሚልከው ላይ የተቀነሰ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ለፍቶ ያገኘው ዲግሪ የትም የማይቆጠር ሆኖ ቢገኝ፣ ያንን ጊዜ ማንም አይመልስለትም።

ስለዚህ ከምዝገባ በፊት መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው "ትምህርት ቤቱ አክሬዲትድ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ "አዎ" ሲሉት ይፈርማል። ይህ ጥያቄ አይበቃም። አዎ የማይል ትምህርት ቤት የለምና። ጥያቄው "አክሬዲት ያደረጋችሁ ማን ነው?" መሆን አለበት። ከዚያም ሁለተኛው ይከተላል፤ "ነገ ይህንን ዲግሪ የማሳየው መሥሪያ ቤት ያንን አክሬዲተር ይቀበላል ወይ?" በዝግጅታችን የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግንዛቤ እዚህ ያሳስተናል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ እውቅና አለው ከተባለ፣ እውቅናውን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ዛሬ ይህንን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ራሱ ለኮሌጅ እውቅና አይሰጥም። እውቅናውን የሚሰጡት መንግሥታዊ ያልሆኑ፣ አክሬዲተር የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። የመንግሥት ድርሻ እነዚህን ድርጅቶች መርምሮ፣ "የዚህ ድርጅት ምስክርነት ይታመናል" ብሎ ስማቸውን በዝርዝር ማስፈር ነው። ከመንግሥት ውጭም በ1996 የተቋቋመ፣ በምህጻሩ ቺያ የሚባል የኮሌጆች ምክር ቤት አለ፤ እርሱም በበኩሉ አክሬዲተሮችን ይመረምራል። እንግዲህ ኮሌጁ እውቅና ማግኘቱ ብቻውን አይበቃም፣ ሰጪው ራሱ የታወቀ መሆን አለበት። አጭበርባሪዎች የሚገቡትም በዚህ ቀዳዳ ነው፤ የሌለ ኮሌጅ ይከፍቱና፣ ለሌለው ኮሌጅ እውቅና የሚሰጥ የሌለ አክሬዲተር ጎን ለጎን ያቋቁማሉ።

መንግሥት እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ ብትሉ፣ ታሪኩ እንደ እናንተ ያሉ አዋቂ ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። በ1944 የወጣው ጂ አይ ቢል የተባለው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። ገንዘቡ ሲታይ ከየአቅጣጫው ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ፈላ። ብዙዎቹ የወታደሮቹን ክፍያ ተቀብለው ሙያ ሳያስጨብጡ ያሰናበቱ ነበሩ። ስለዚህ በ1952፣ ለኮሪያ ዘማቾች ተመሳሳይ ሕግ ሲወጣ፣ መንግሥት የሚያምናቸውን አክሬዲተሮች ዝርዝር እንዲያወጣ ተደነገገ። አክሬዲተሮቹ እነርሱ ራሳቸው ከዚያ በፊት ብዙ አሥርት ዓመታት የቆዩ ናቸው፤ የመንግሥት ገንዘብ በር ጠባቂ የሆኑት ግን ቤተሰብ ያላቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ተማሪዎች ስለተበደሉ ነው። ከ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ በኋላ ደግሞ የፌዴራል የተማሪ እርዳታና ብድር ከዚሁ ጋር ተሳሰረ።

አክሬዲተሩ ሲመረምር ኮሌጁ መጀመሪያ ራሱን የሚገመግም ሰነድ ያቀርባል፤ መምህራኑ እነማን እንደሆኑ፣ በጀቱ እንዴት እንደቆመ፣ ስንት ገብቶ ስንት እንደተመረቀ። ከሌሎች ኮሌጆች የተውጣጣ ቡድን በአካል ሄዶ ያያል፣ መምህርና ተማሪ ያነጋግራል። ከዚያ የአክሬዲተሩ ኮሚሽን ይወስናል። ውሳኔው የዘላለም አይደለም። ቢበዛ በየአሥር ዓመቱ እንደገና ይታያል፤ በመሀሉም ማስጠንቀቂያ፣ ፕሮቤሽን፣ ከዚያም ሲብስ ስረዛ አለ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰናከልበት ቦታ እንምጣ። ለረጅም ዘመን አክሬዲተሮች ሪጅናልና ናሽናል ተብለው ለሁለት ተከፍለው ኖረዋል። ሪጅናሎቹ አገሪቱን በክልል የተከፋፈሉ ነበሩ። ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ኮሌጆች የሚድል ስቴትስ ናቸው፤ ቨርጂኒያ፣ አትላንታና ዳላስ ያሉት የሳዘርን አሶሲዬሽን፤ ሚኒያፖሊስና ዴንቨር ያሉት የሃየር ለርኒንግ ኮሚሽን፤ ሲያትልና ላስ ቬጋስ ያሉት የኖርዝዌስት ኮሚሽን። ካሊፎርኒያና ኒው ኢንግላንድም የየራሳቸው አላቸው። ናሽናሎቹ ደግሞ በአብዛኛው የሙያ ማሠልጠኛዎችን፣ የርቀት ትምህርት ቤቶችንና የሃይማኖት ኮሌጆችን የሚያዩ ናቸው። በስም ሲሰማ ናሽናል ከሪጅናል የሚበልጥ ይመስላል፤ በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ግን የኖረው ግምት የተገላቢጦሽ ነው። ከጁላይ 2020 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ይህንን ልዩነት ከደንቡ አውጥቶታል። በየኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ግን አሮጌው ልማድ አሁንም አለ።

እንበል አንዲት እህት ሥራ ቦታዋ አጠገብ ባለ፣ ለትርፍ በሚሠራ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት ዲግሪ ያዘች። ስልሳ ክሬዲት አላት። ትምህርት ቤቱ አልዋሸም፣ መንግሥት ከሚያውቀው ናሽናል አክሬዲተር እውቅና አግኝቷል። በዚያ ዲግሪ ሥራ አገኘች፣ ጥሩ። ሦስት ዓመት ቆይታ ባችለር ልጨርስ ብላ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቷን ይዛ ስትሄድ፣ ከስልሳው ክሬዲት አንድም አንቀበልም ሊሏት ይችላሉ። ሕጉ አያስገድዳቸውም፤ ክሬዲት መቀበልና አለመቀበል የተቀባዩ ኮሌጅ ውሳኔ ነው። እዚያው ከተማ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ለምሳሌ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምራ ቢሆን፣ ባነሰ ክፍያ የተማረችው ትምህርት ሳይባክን ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገርበት ስምምነት ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር። ናሽናል የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የርቀት ትምህርት አክሬዲቲንግ ኮሚሽን የሚባለው ከ1926 ጀምሮ ያለና የተከበረ ነው። ሙያ ለመያዝና ቶሎ ሥራ ለመግባት ከሆነ በቂ ሊሆን ይችላል። ነገ ልቀጥል የሚል ግን ዛሬ ሲመዘገብ ነገን ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ስለ ነርሲንግ ነው። ኮሌጁ በሙሉ አክሬዲትድ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው የነርሲንግ፣ የኢንጂነሪንግ ወይም የሕግ ትምህርት የራሱ ሌላ መርማሪ አለው። ለኢንጂነሪንግ አቤት፣ ለሕግ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር፣ ለነርሲንግ ደግሞ ሲሲኤንኢ እና ኤሴን የሚባሉ አሉ። ከእነዚህም በላይ የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ አለ፤ ኤንክሌክስ ለተባለው የነርሶች የላይሰንስ ፈተና ለመቀመጥ የሚፈቅደውም፣ ላይሰንስ የሚሰጠውም እርሱ ነው። የእውቅናውና የቦርዱ ውሳኔ አለመገጣጠም ምን እንደሚያመጣ ላሳያችሁ። ኦልባኒ ኒው ዮርክ ያለው ኤክሴልሲየር፣ በ1971 ለአዋቂዎች ተብሎ የተጀመረ፣ በሚድል ስቴትስ እውቅና ያለው ተቋም ነው። የነርሲንግ ፕሮግራሙም የሙያ እውቅና አለው። ይህም ሆኖ የካሊፎርኒያ የነርሲንግ ቦርድ፣ ከ2003 መጨረሻ በኋላ ለተመዘገቡ የዚያ ፕሮግራም ተማሪዎች በፕሮግራሙ ብቻ ላይሰንስ አልሰጥም አለ፤ ምክንያቱ በመምህር ቁጥጥር ሥር የሚሠራው የሆስፒታል ልምምድ መጉደሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ትክክለኛ፣ እውቅናው ትክክለኛ፤ ግን ሎስ አንጀለስ ያለች ተማሪ ይህንን ሳትጠይቅ ብትመዘገብ ኖሮ ትጎዳ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቶች ለላይሰንስ የሚያበቃ ፕሮግራማቸው በየትኛው ስቴት እንደሚያገለግል ለተማሪው መግለጽ የፌዴራል ግዴታ አለባቸው። ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ።

ከዚያ ደግሞ ፍጹም ሐሰተኛው አለ። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ኦፕሬሽን ናይቲንጌል በተባለ ምርመራ 25 ሰዎችን ከሰሰ። በደቡብ ፍሎሪዳ ያሉ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት መሸጣቸው ተገለጠ። ገዢዎቹ ለአንዱ ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ከገዢዎቹ ወደ 2,400 የሚሆኑት ኤንክሌክስን አልፈዋል፤ ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ገብተው ሠርተዋልም። ምርመራው ከወጣ በኋላ በየስቴቱ ላይሰንስ መሰረዝ ተጀመረ። በትክክል ተምረናል የሚሉ ነርሶችም ጠበቃ ይዘው ለመሟገት ተገደዱ። በማኅበረሰባችን ረዳት ነርስ ሆነው ሌሊት የሚሠሩ፣ የተመዘገበ ነርስ (አርኤን) ለመሆን የሚመኙ ስንት እህቶችና ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። "በአጭር ጊዜ፣ ክሊኒካል ሳይበዛ፣ ሰው አለኝ" የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ይህንን አስታውሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። የታማሚ ሕይወትም አለበት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው አቅማቸው አነስተኛ ከሆነ ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ አማካይነት ፔል ግራንት የሚባል እርዳታ ያገኛሉ። በ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ አይመለስም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ፔል የዕድሜ ልክ ገደብ እንዳለው ነው፤ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ሲሰላ አሥራ ሁለት ሴሚስተር። ስለዚህ ክሬዲቱ የትም በማይሻገር ትምህርት ቤት አራት ሴሚስተር ያሳለፈ ሰው፣ ከገንዘቡ ባሻገር ከዚህ ገደብ ላይ ሲሶውን በልቷል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች "ነጻ ነው፣ መንግሥት ይከፍልልሃል" ሲሉ የሚከፈለው ከእናንተው ድርሻ ነው።

እውቅና የሚጠፋበት ጊዜም አለ። አትላንታ የምትኖሩ አድማጮች ሞሪስ ብራውን ኮሌጅን ታውቁት ይሆናል፤ በ1881 በአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተ አንጋፋ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። በ2002 መጨረሻ በዕዳና በገንዘብ አያያዝ ጉድለት እውቅናውን ተነጠቀ። እውቅና ሲሄድ የፌዴራል እርዳታው ሄደ፣ እርዳታው ሲሄድ ተማሪው ሄደ። ወደ 2,500 ተማሪ የነበረው ግቢ ከመቶ በታች የሚቆጠር ተማሪ ብቻ ይዞ ቀረ። በ2022 እንደገና ሙሉ እውቅና አገኘ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀበት። ያንን ሁሉ ጊዜ በሩን ሳይዘጉ ያቆዩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። በ2002 ሦስተኛ ዓመት ላይ የነበረ ተማሪ ግን ሃያ ዓመት መጠበቅ አይችልም።

አንዳንዴ ደግሞ የሚወድቀው አክሬዲተሩ ራሱ ነው። ኤሲአይሲኤስ የተባለው ናሽናል አክሬዲተር የኮሪንቲያን ኮሌጆችንና አይቲቲ ቴክን የመሳሰሉ ለትርፍ የሚሠሩ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ያለፉበት ነበር። ኮሪንቲያን በ2015፣ አይቲቲ በ2016 ተዘጉ። መንግሥት የአክሬዲተሩን እውቅና በመጨረሻ በ2022 ሰረዘ። በዚያው ዓመት ለ560,000 የኮሪንቲያን ተማሪዎች 5.8 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ብድር ተሰረዘላቸው። ዕዳው መሰረዙ ፍትሕ ነው። የጠፋው ዕድሜ ግን በቢሊዮን አይተመንም።

እስካሁን ያስፈራራኋችሁ ከመሰላችሁ፣ አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ልሻገር። አሜሪካ ለአዋቂ ተማሪ ከሌላው ዓለም የተሻለ በር የከፈተች አገር ናት ብዬ አምናለሁ። ትሬንተን ኒው ጀርሲ ያለው ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1972፣ ኮነቲከት ያለው ቻርተር ኦክ በ1973 ሲቋቋሙ ዓላማቸው ሥራ ያለውን አዋቂ ማስመረቅ ነበር። ሁለቱም የመንግሥት ተቋማት ናቸው፣ ሁለቱም ሙሉ እውቅና አላቸው። ከየቦታው የተለቀመ ክሬዲትን አሰባስቦ ወደ ዲግሪ መለወጥ ልዩ ሙያቸው ነው። ሜሪላንድ ያለው የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ግሎባል ካምፓስ ከ1947 ጀምሮ ወታደሮችንና ሠራተኞችን ሲያስተምር ኖሯል። በ1997 የምዕራብ ስቴት ገዢዎች ተባብረው ያቋቋሙት ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪውን በክፍል ሰዓት አይለካም፤ ችሎታውን ያሳየ ሰው ወደሚቀጥለው ኮርስ ያልፋል፣ ክፍያውም በየስድስት ወሩ አንድ ወጥ ነው።

ያወቃችሁትን በፈተና ወደ ክሬዲት መቀየርም ይቻላል። ክሌፕ የሚባለው ፈተና ከ1967 ጀምሮ አለ። አንዱ ፈተና መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ ካለፋችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሬዲት፣ አንዳንዴም ስድስት ያስገኛል። አገር ቤት አካውንቲንግ የሠራ፣ አልጀብራን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንደገና አንድ ሴሚስተር ለምን ይቀመጣል? ለአማርኛም ቢሆን አክትፍል በተባለው ድርጅት የሚሰጥ የቃል ፈተና አለ፤ ውጤቱን ለክሬዲት የሚቀበሉ ኮሌጆች አሉ። ሌላው መንገድ ፖርትፎሊዮ ነው። አሥር ዓመት የእንክብካቤ ቤት ያስተዳደረች እናት የሠራችውን፣ ያወቀችውን፣ የያዘችውን ማስረጃ አደራጅታ ታቀርባለች፤ በመስኩ ያለ መምህር ያነበውና ከአንድ የተወሰነ ኮርስ ጋር አመዛዝኖ ክሬዲት ይወስናል። ይህንን "በሕይወት ልምድ ብቻ በአንድ ሳምንት ዲግሪ" ከሚሉት አትቀላቅሉት። ትክክለኛው ኮሌጅ ለልምድ ክሬዲት ይሰጥ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያስተምራችኋል። ሐሰተኛው ዲግሪውን ራሱን ይሸጥላችኋል። በ2015 አንድ የካራቺ ኩባንያ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሐሰት ትምህርት ቤቶች ስም ዲፕሎማ በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ የተጋለጠው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣችሁ ተማሪዎች ክሬዲታችሁን ጥላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። የአገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁን ናሴስ በሚባለው ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት፣ ለምሳሌ በደብሊው ኢ ኤስ ወይም በኢ ሲ ኢ አስገምግሙ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ "ይህ ሰው ባችለር አለው" ብሎ ያበቃል። ውዱ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ ይዘረዝራል። ለትራንስፈር የሚያስፈልጋችሁ ሁለተኛው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትገቡበት ኮሌጅ የየትኛውን ገምጋሚ ወረቀት እንደሚቀበል ጠይቁ።

ማጣራቱ ራሱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ዳፒፕ የተባለ ነጻ የመረጃ ቋት በድረ ገጹ ላይ አለው። የኮሌጁን ሙሉ ስም፣ ከተማና ስቴት አስገቡ። ስሙ ከአንድ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአንድ ቃል ብቻ የሚለይ ሆኖ የሚያታልል ስላለ አድራሻውን አመሳክሩ። ሲከፈት የአክሬዲተሩን ስም፣ እውቅናው የተሰጠበትን ቀን፣ በላዩ የተጣለ ማስጠንቀቂያ ካለም እርሱን ታያላችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ "ስቴቱ ፈቃድ ሰጥቶናል" ቢሏችሁ አትርኩ፤ የስቴት ፈቃድ ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያስችል ወረቀት ነው፣ እውቅና አይደለም። "በሂደት ላይ ነን" ካሉም በየትኛው አክሬዲተር ዘንድ እንደሆነ ጠይቃችሁ ራሱን አክሬዲተሩን ደውላችሁ አነጋግሩ። ድረ ገጻቸው ዶት ኢዲዩ መሆኑም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከ2001 ወዲህ ይህንን ስም የሚያገኙት እውቅና ያላቸው ብቻ ቢሆኑም፣ ከዚያ በፊት የያዙት እንዲያቆዩት ተፈቅዷል።

ከዚያ ስልካችሁን አንሡ። የምትደውሉት ለአስመዝጋቢው አይደለም፤ የእርሱ ሥራ እናንተን ማስፈረም ነው። ነገ ልትሻገሩበት ለምታስቡት ዩኒቨርሲቲ የትራንስፈር ቢሮ ደውሉና "ከእገሌ ኮሌጅ የሚመጣ ክሬዲት ትቀበላላችሁ?" በሉ። ላይሰንስ የሚጠይቅ ሙያ ከሆነ ለስቴታችሁ ቦርድ ደውሉና የትምህርት ቤቱን ስም ጠቅሳችሁ "ተመራቂዎቹን ለፈተና ታስቀምጣላችሁ?" በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም የሚደውልላችሁ ሰው አስቀምጡ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ለምኑ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። አሁን እየተማራችሁ ያላችሁ ደግሞ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ትራንስክሪፕታችሁን አውጥታችሁ፣ ከኮርሱ ማብራሪያ ጋር ቤታችሁ አስቀምጡ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀድሞ የሚጠፋው ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የፋፍሳን ቅጽ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አብረን እንሞላለን። የግብር ወረቀታችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። ደህና ሰንብቱ።